የአንዲት ላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ደመወዝ፦ ከክሊኒክ ጓዳ እስከ ዲያግኖስቲክ ማዕከል

ለምን ተጻፈ

ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠሩ ወይም ሊገቡ ያሰቡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። ደመወዙ ስንት ነው? ዲግሪ ብጨምርበትስ ይሻለኛል? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ከሁለቱ በፊት መምጣት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፣ እሱን የሚያነሳ ሰው ብዙ አይገጥመኝም፦ አሁን የሚከፈላችሁ ብር የት ላይ ነው የተጻፈው?

ይህን ጉዳይ መዝግቤ ማስቀመጥ የፈለግኩት ለዚህ ነው። ባለጉዳይዋ የሕክምና ላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ናት። ስሟን፣ የተማረችበትን ኮሌጅና የሠራችባቸውን ቦታዎች አልጠቅስም። እንዲጻፍ ፈቅዳለች፤ ስሌቶቹንም አብረን ነው የሠራናቸው። እኔ በዚሁ ሙያ ረጅም ጊዜ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ከእሷ ጋር ያገናኘን ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ባልደረባ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው

በ2013 ከአንድ ክልል የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ በሕክምና ላቦራቶሪ በደረጃ 4 ተመረቀች። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) አለፈች፣ የሙያ ፈቃድ አወጣች። ከዚያ መጠበቅ ጀመረች። ድሮ ከጤና ኮሌጅ የወጣ ልጅ ብዙም ሳይቆይ ጤና ጣቢያ ይመደብ ነበር። አሁን ግን ጤና ጣቢያው ባለሙያ ቢያስፈልገውም መደቡ በጀት ከሌለው ቅጥር የለም፣ ስለዚህ ተመራቂው የጤና ቢሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይከርማል። ልጅቷ ዓመት ሊሞላት ሲል ተስፋ ቆርጣ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ መጣች።

በ2014 አንድ መካከለኛ ክሊኒክ በ4,000 ብር ቀጠራት። ሥራውን የጠቆመቻት የክፍሏ ልጅ ናት። የጽሑፍ ውል አልነበረም። «ከነገ ጀምሪ» ተባለች፣ ጀመረች። በ2016 ደመወዟ 5,500 ብር ደርሶ ነበር።

ክፍሉን አይቼዋለሁ። ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ያለ ጠባብ ቤት ነው። አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ሲቢሲ (የደም ሴሎችን የሚቆጥር) ማሽን፣ አንድ ትንሽ የኬሚስትሪ ማሽን፣ ሴንትሪፊዩጅ፣ ፍሪጅ። ደም የምትቀዳው እሷ፣ የምትመረምረው እሷ፣ ውጤት ጽፋ ለሐኪሙ የምታደርሰውም እሷ። ሰገራ፣ ሽንት፣ የወባ ስላይድ፣ ዊዳል (የታይፎይድ ምርመራ)፣ ስኳር፣ የእርግዝና ምርመራ፣ ሲቢሲ። ሌላ አንድ ቴክኒሽያን ነበረ፣ እሱ ግን የሚመጣው በግማሽ ቀን ነው። በር ላይ የቆመ ታካሚ «እህቴ፣ ውጤት አልደረሰም?» እያለ ሲጠራት ጓንቷን ሳታወልቅ ብቅ ትላለች።

የሥራ ሰዓቷ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ምሳ ይቀነሳል። በሳምንት ስድስት ቀን።

ችግሩ ምን ነበር

እኔ ዘንድ ስትመጣ ያለችኝ «ጋሼ፣ ደመወዜ አነሰ» ነው። እውነትም አንሷል። ስንቆጥረው ግን ያነሰው ደመወዙ ብቻ አልነበረም።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቆጠርን። በቀን 10 ሰዓት፣ በስድስት ቀን 60 ሰዓት ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በሳምንት 48 ነው። 12 ሰዓቱ ትርፍ ሰዓት ነው ማለት ነው። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በልዩ ምክንያት ብቻ እንዲሠራ ነው የሚፈቅደው፣ ያውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሳይበልጥ። በቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። 5,500 ብርን ለወሩ 208 ሰዓት ስናካፍል ሰዓቱ 26 ብር ከ44 ሳንቲም መጣ። በአንድ ተኩል ሲባዛ 39 ብር ከ66። በወር ወደ 52 ትርፍ ሰዓት ስላላት ያልተከፈላት ከ2,060 ብር ትንሽ በለጥ ይላል። በየወሩ! ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ ዝም ብላ ቆየች። ለረጅም ጊዜ «ዝቅተኛ ደመወዝተኛ ነኝ» ስትል የኖረችው፣ ከሥራዋ አንድ አምስተኛውን በነጻ እየሠራች ነው።

ሁለተኛው ነገር ፔሮሉ (የደመወዝ መክፈያ መዝገቡ) ነው፣ ለእኔ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ክሊኒኩ 5,500 ብር ይከፍላታል፣ ለገቢዎችና ለጡረታ የሚያስታውቀው ግን 2,500 ብር ነው። ቀሪው 3,000 በእጅ ይሰጣታል። ይሄ ሕገ ወጥ ነው፣ ግን በየሰፈሩ ያለ አሠራር ነው፤ ብዙ ሠራተኛም የሚጠቀምበት እየመሰለው ዝም ይላል። ግብር ሲያንስ እጅ ላይ የሚደርሰው ይበዛላ።

እሷም እንደዚያ ነበር የምታስበው። ነገሩ የገባት በ2016 አንድ ሆስፒታል ያወጣውን ማስታወቂያ ይዛ ለማመልከት ስትነሳ ነው። ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ሁላችንም የምናውቃት መስመር አለች፦ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ መሆን አለበት። ክሊኒኩ የሥራ ልምድ ጻፈላት። ደብዳቤው ላይ ደመወዟ 2,500 ብር ተብሎ ሰፈረ፣ ስለ ግብሩ ደግሞ ምንም አይልም። ምዝገባ ላይ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና መለሰችላት። ሁለት ዓመት የሠራችው ሥራ እዚያ መስኮት ላይ እንዳልተሠራ ተቆጠረ።

መጀመሪያ የተሞከሩት፣ ያልሠሩትም

ከእኔ ጋር ከመገናኘቷ በፊት በራሷ ሦስት መንገድ ሞክራለች።

አንደኛ፣ ባለቤቱ ዘንድ ገብታ ጭማሪ ጠይቃለች። «እዚህ ቤት እኮ እንደ ቤተሰብ ነው የምንሠራው፣ ሰዓት አንቆጣጠርም፣ ትንሽ ታገሺ» አላት። በእጇ አንዲት ወረቀት አልነበረችም። ኑሮ ተወደደ አለች፣ እሱም ተወደደብኝ አላት፣ በዚያው አለቀ። ደግሞ ውሸት አልነበረም። የላቦራቶሪ ሪኤጀንት (ምርመራ የሚሠራበት ኬሚካል) አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላማ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ 100 ሲያልፍ ችግሩ ባሰበት። ኑሮ ተወደደ የሚል ጥያቄ ኑሮው ለሁለቱም ሲወደድ አቅም የለውም።

ሁለተኛ፣ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ለመሄድ አስባ ነበር። እዚያ የጤና ባለሙያ ፈቃድ ለማውጣት መጀመሪያ ዳታፍሎው በሚባለው ድርጅት በኩል ማስረጃ ይጣራል። ድርጅቱ ያያያዝሽውን ኮፒ አይቶ አያምንም፤ ዲፕሎማውን ለሰጠው ኮሌጅና የሥራ ልምዱን ለጻፈው አሠሪ በቀጥታ ጽፎ ይጠይቃል። ክሊኒኩ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረውም። ቢመልስስ ምን ብሎ ይመልሳል? እዚህ አገር የማይቆም ወረቀት እዚያም አይቆምም። ደላላ «እኔ እጨርስልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ ጠይቋት ነበር፣ እግዜር ይስጣት አክስቷ ከለከለቻት።

ሦስተኛውን ሞከረች ከማለት ቀረበላት ብል ይሻላል። ሌላ ክሊኒክ ሳትሠራ የሙያ ፈቃዷን ብቻ ሰቅሎ በየወሩ ሊከፍላት ጠይቋል። እምቢ አለች። እኔም እዚህ ላይ ለማንም አላመቻምችም። የማታውቂው ሰው በማታውቂው ማሽን የሚያወጣው ውጤት ሁሉ ያንቺ ፊርማ ነው። አንድ ቀን ቁጥጥር ሲመጣ ወይም ታካሚ ሲጎዳ የሚጠየቀው ግድግዳው ላይ ያለው ስም ነው።

ደብተሩ

እኔ የጠየቅኳት የመጀመሪያ ነገር «ሥራሽን የሚያሳይ ምን አለሽ?» የሚል ነው። ውጤት የተጻፈበት መዝገብ አለ አለች። ኮንትሮልስ (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ፣ ማሽን የሚፈተሽበት ናሙና)? በየቀኑ ማሽኑን ትፈትሺዋለሽ? ዝም አለች። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ኮንትሮል ጊዜው ያለፈበት ነበር፣ ባለቤቱም በየጊዜው ለመግዛት ፈቃደኛ አልነበረም።

ኮንትሮል ከሌለ ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። የትናንት አንድ ሁለት የሲቢሲ ናሙና ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጫለሽ፣ ጠዋት ታካሚ ከመግባቱ በፊት አውጥተሽ የክፍሉ ሙቀት ላይ እስኪደርስ ትጠብቂያለሽ፣ ሳትንጪ ቀስ እያልሽ ገለባብጠሽ ማሽኑ ላይ ትደግሚዋለሽ። ሄሞግሎቢኑ ትናንት 13.2 ከነበረና ዛሬ 13.1 ከመጣ ማሽኑ ጤነኛ ነው። 11.8 ከመጣ ቁሚ። የኮንትሮልን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ከምንም ግን እጅግ ይሻላል።

ባለ ካሬ ደብተር ገዝታ ጀመረች። በአንድ ገጽ የየቀኑ ፍተሻ፣ በሌላው የፍሪጁ ሙቀት ጠዋትና ማታ፣ በሌላው ደግሞ የተደገሙ ምርመራዎችና የተደገሙበት ምክንያት። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ሁሉ ትጽፋለች። ቆይታ ደግሞ የሪኤጀንት ገጽ ጨመረች፦ መቼ ተገዛ፣ መቼ ተከፈተ፣ መቼ ያበቃል፣ ስንት ምርመራ ተሠራበት።

ያቺ የመጨረሻዋ ገጽ ናት ነገሩን የለወጠችው። ክሊኒኩ ሐኪሞቹ አልፎ አልፎ ለሚያዙዋቸው ምርመራዎች ትልልቅ ካርቶን ይገዛ ነበር። ግማሹ ሳይነካ ቀኑ ያልፍና ይጣላል። ዶላር እንዲያ በዘለለበት ሰሞን! ልጅቷ የተጣለውን በብር ቆጥራ ስታስቀምጠው ባለቤቱ ራሱ ደብተሩን ከእጇ ተቀብሎ ቁጭ ብሎ አነበበው። ከዚያ በኋላ ሪኤጀንት የሚታዘዘው እሷ በምትሰጠው ዝርዝር ሆነ። አዲስ ኮንትሮልም ተገዛ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ብር አልተጨመረላትም። ግን አሁን ለድርድር የምትይዘው ነገር አገኘች።

ድርድሩ

መስከረም 2017 ላይ የክሊኒኩ ባለቤት ዘንድ ተመልሳ ገባች። ምን እንደምትጠይቅ ብዙ ተነጋግረንበታል። እኔ ትርፍ ሰዓቱን አስቀድሚ ስል ነበር። እሷ ግን ፔሮሉን አስቀደመች፣ ትክክል የነበረችውም እሷ ናት። ሥራ ለመቀየር የሚያስፈልጋት ወረቀቱ ነው፤ ትርፍ ሰዓቱ ቢከፈላትም እዚያው ነው የሚያቆያት።

«ዶክተር፣ ጭማሪ አይደለም የምጠይቅዎት። የሚከፍሉኝን ሙሉውን ፔሮል ላይ ያስገቡልኝ» አለችው።

«አንቺ ልጅ፣ ግብር ልትከፍይ ፈልገሽ ነው? እጅሽ ላይ የሚደርሰው ይቀንሳል እኮ።»

«አውቃለሁ ዶክተር፣ አስልቼዋለሁ።»

ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስሌቱ እንዲህ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው የግብር መጣኔ የተመዘገበው 2,500 ብር ላይ ግብሩ 232 ብር ከ50፣ የሠራተኛው 7 በመቶ ጡረታ 175 ብር። ስለዚህ ከ5,500 እጇ ላይ የሚደርሰው 5,092 ብር ከ50 ነበር። ሙሉው 5,500 ቢመዘገብ ግብሩ 810፣ ጡረታው 385 ይሆንና 4,305 ብር ይደርሳታል። ወደ 790 ብር ይቀንስባታል ማለት ነው። ቤት ኪራይ ባትከፍልም ለዲፕሎማ ቴክኒሽያን 790 ብር ቀላል አይደለም።

ከስር ሁለተኛ ስሌት ነበር። ደመወዙ 6,500 ተደርጎ ሙሉው ቢመዘገብ ግብሩ 1,060፣ ጡረታው 455፣ እጇ ላይ 4,985 ይደርሳል። ከድሮው በ100 ብር አካባቢ ብቻ ያንሳል። አሠሪው ደግሞ የ1,000 ብር ጭማሪና የራሱን 11 በመቶ ጡረታ ሲደምር በወር 1,440 ብር ይጨምርበታል። እሱንም ጽፋዋለች። ከጣሉት ሪኤጀንት ጋር አነጻጽራ።

ያን ቀን መልስ አልሰጣትም። ሳምንታት አለፉ። መሃል ላይ በግማሽ ቀን የሚመጣው ልጅ ሥራ ለቀቀ። መካከለኛ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሌለው የቁጥጥሩን መሥሪያ ቤት ጥያቄ መመለስ አይችልም፣ ይሄን እሱም እሷም ያውቃሉ። ኅዳር ላይ 6,500 ሙሉውን ፔሮል ላይ ገባ። የጽሑፍ ውልም ተፈረመ።

ውሳኔው በደብተሩ ነው የመጣው ወይስ በልጁ መልቀቅ? የሁለቱም ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁ ባይለቅ ነገሩ ይጓተት ነበር። ደብተሩ ባይኖር ደግሞ በልጁ ቦታ ሌላ ጀማሪ ይቀጠርና እሷም እዚያው ትቀር ነበር።

የተሠራው ትርፍ ሰዓት ግን አልተከፈላትም። እዚህ ላይ አልተሳካልንም። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ስለዚህ የ2014ቱና የ2015ቱ ቀድሞውኑ አልፎ ነበር። ለቀረው ክስ ልመሥርት ብትል መብቷ ነው። የሰዓት መቆጣጠሪያ ፊርማ ግን የለም፣ ምስክር የሚሆኑት አብረዋት የሚሠሩት ናቸው፣ የምትፈልገውን የሥራ ልምድ የሚጽፈውም ያው ሰው ነው። ተወችው። ከዚያ በኋላ ከአመሻሹ 11 ሰዓት መውጣት ጀመረች፣ ያም ውሉ ላይ ተጻፈ።

ሥራ ፍለጋው

ከየካቲት 2017 ጀምሮ ማመልከት ጀመረች። ጊዜው ክፉ ነበር። ጥር ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም በፕሮጀክት ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ውላቸው ተቋረጠ። ከነሱ መሃል ዲግሪ ያላቸው፣ ጂን ኤክስፐርት (የቲቢ) እና ቫይራል ሎድ (የኤችአይቪ) ምርመራ ላይ ለዓመታት የሠሩ የላቦራቶሪ ሰዎች ነበሩ። የፕሮጀክት ሥራ ከመንግሥትም ከክሊኒክም የተሻለ ይከፍል ነበር፣ ሲዘጋ ግን ሁሉም አንድ ቀን ገበያ ላይ ወጣ። ለዲፕሎማ የወጣ ማስታወቂያ ላይ ዲግሪ ያለው ሰው ይሰለፋል። እሷም ሁለት ቦታ የጽሑፍ ፈተና አልፋ ቃለ መጠይቅ ላይ ቀረች።

ያገኘችው አንድ የግል ዲያግኖስቲክ ማዕከል ነው። እዚያ ያለፈችበትን ነገር በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም ለሙያው ልጆች የሚጠቅመው ይሄ ነው።

ፈታኙ አንድ ሰው ነበር። ስለ ዲፕሎማዋ ብዙም አልጠየቃትም። «ለምርመራ የመጣ፣ ምንም ሕመም የማይሰማው ሰው ፕላትሌቱ 32,000 ወጣ። ምን ታደርጊያለሽ?» አላት። ፕላትሌት ደም እንዲረጋ የሚረዳው ሴል ነው፣ ቁጥሩም በጣም ዝቅተኛ ነው። ዝም ብዬ ውጤቱን ለሐኪሙ እልካለሁ የሚል ሰው እዚያው ይወድቃል። እሷ በቅደም ተከተል መለሰች። መጀመሪያ ቲዩቡ ውስጥ የረጋ ደም መኖሩን አያለሁ። ከሌለ ስሚር ሠርቼ (ደሙን ስላይድ ላይ ቀብቼ) ማይክሮስኮፕ ላይ ፕላትሌቶቹ ተያይዘው ተከማችተው እንደሆነ አያለሁ፣ በተለይ የስላይዱ ጫፍ ላይ። ተከማችተው ካገኘኋቸው ችግሩ የታካሚው ላይሆን ይችላል፤ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበት ቲዩብ ውስጥ ብቻ የሚከማችባቸው ሰዎች አሉ። በሶዲየም ሲትሬት ቲዩብ እንደገና እቀዳለሁ፣ የሚመጣውን ቁጥር በ1.1 አባዛለሁ፣ ሲትሬቱ ደሙን ስለሚያቀጥነው።

«ይሄ አጋጥሞሽ ያውቃል?»

ደብተሩን ከቦርሳዋ አወጣች። ገጹን ገልጣ አሳየችው። ቀኑ፣ የመጀመሪያው ቁጥር፣ ስሚሩ ላይ የታየው፣ የተደገመው ውጤት። የታካሚ ስም የለበትም። ደብተር ለሌላ ሰው የምታሳዩ ከሆነ ይሄን አትርሱ፣ የታካሚ ስም ያለበት ነገር ከክሊኒክ አይወጣም።

ከዚያ የኮንትሮል ግራፍ ሰጣትና «ይሄ ማሽን ምን ሆኗል?» አላት። ነጥቦቹ ከገደቡ አልወጡም፣ ግን በተከታታይ ሁሉም ከአማካዩ በላይ ናቸው። ማሽኑ ወደ አንድ ወገን ሸርተት ብሏል፣ ሪኤጀንቱ የተቀየረበትን ቀን ማየት አለብኝ፣ ካልሆነ ካሊብሬሽን (የመለኪያ ማስተካከያ) ይፈልጋል አለች። ቃለ መጠይቁ በዚህ አበቃ።

ደመወዝ ሲነሳ የቀድሞ ደመወዟን የሚያሳይ ደብዳቤ ጠየቋት። 6,500 ይላል፣ ግብር የተከፈለበት መሆኑም ተጽፏል። በ10,000 ብር ተስማሙ። ያቺ የ2,500 ብር ደብዳቤ ብትሆን ኖሮ ድርድሩ ከየት እንደሚነሳ መገመት ይቻላል።

አሁን ያለችበት

ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እዚያ ነው የምትሠራው። በዚያው ወር የገቢ ግብር መጣኔው ተሻሽሎ እስከ 2,000 ብር ያለው ከግብር ነጻ ሆኗል። ከ10,000 ብር ላይ ግብር 1,650፣ ጡረታ 700 ተቀንሶ 7,650 ብር ይደርሳታል። የትርፍ ሰዓት ዱቲ ለብቻ ይከፈላል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው በ1.75 ተባዝቶ በሰዓት ወደ 84 ብር ይመጣል። ፈርማ ትገባለች፣ ፈርማ ትወጣለች።

ቅዳሜና እሑድ ዲግሪ ጀምራለች። ይሄን ውሳኔ ብዙ አስበንበታል። የጤና ባለሙያዎች በ2017 ግንቦት የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም ከደረሱ በኋላ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ደመወዝ ተሻሽሏል። የዲግሪ ጀማሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር አድጓል። ከዚህ ላይ ግብር 2,100 እና ጡረታ 805 ሲቀነስ 8,595 ብር ይቀራል። አሁን ከምታገኘው የተጣራ ደመወዝ ልዩነቱ 945 ብር ነው። አክስቷ «መንግሥት ቤት ግቢ፣ እረፍት አለው» ትላታለች። እኔ ደግሞ ለ945 ብር ብቻ ተብሎ የሚከፈል የትምህርት ክፍያ ቶሎ አይመለስም ባይ ነኝ። ዲግሪው የሚያዋጣት የምትቆጣጠረው ክፍል ሲሰጣት፣ ወይም ሪኤጀንትና ማሽን የሚያስመጡ ድርጅቶች ማሽን ተክሎ የሚያሠለጥን ሰው ሲፈልጉ ነው። እነዚያ ቦታዎች ዲግሪ ይጠይቃሉ። ደግሞ ትምህርቱን መጨረስ ብቻ አይበቃም፤ የመውጫ ፈተና አለ፣ ከዚያ የሙያ ፈቃድ ምዘና አለ። እሷ ይሄን አውቃ ነው የገባችበት።

ለሌላው የሚተርፈው

ከዚህ ጉዳይ ሁሉም ሰው የሚወስደው አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ክፍለ ሀገር፣ አንድ ክሊኒክ ብቻ ባለበት ከተማ የምትሠራ ልጅ የመደራደር አቅሟ እንደ አዲስ አበባው አይደለም፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ የምትሄድበት የለም። ደብተሩ ግን እዚያም ይሠራል፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ደመወዝ ስትጠይቁ ኑሮአችሁን አትጥቀሱ። አሠሪው ያለበትን ወጪ እየጠቀሳችሁ፣ እናንተ ከዚያ ላይ ምን እንደቀነሳችሁ በብር አሳዩ። ላቦራቶሪ ለክሊኒክ ትልቅ ገቢ ነው፣ ግን ባለሙያው ከጓዳ ስለማይወጣ ገቢውን ያመጣው ማን እንደሆነ አይታይም። በጽሑፍ ካላሳያችሁት የሚያሳይላችሁ የለም።

ግማሹን በእጅ፣ ግማሹን በፔሮል የሚከፍላችሁ ሰው ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም። ዛሬ የቀረላችሁን ግብር ነገ በጡረታ፣ በካሳ፣ በቀጣዩ ሥራ መነሻ ደመወዝ ትከፍሉታላችሁ። እሷ በየወሩ 100 ብር አጥታ ያገኘችው ወረቀት በ3,500 ብር ከፍ ያለ ሥራ አስገኝቶላታል።

ውል በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ አዋጁ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት ፈርሞ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ «ገና ሙከራ ላይ ነሽ» እየተባለ ግማሽ ዓመት የሚሠራ ልጅ ካለ ይሄን ይወቅ። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ደግሞ ስትለቁ ብቻ ሳይሆን በጠየቃችሁ ጊዜ ሁሉ፣ ያለ ክፍያ፣ የሥራውን ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደመወዛችሁን ጠቅሶ የመስጠት ግዴታ አለበት። ስለዚህ ሳትጣሉ፣ ገና ሥራ ላይ እያላችሁ ጠይቁ። ከተጣላችሁ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ አንድ መስመር ነው።

ትርፍ ሰዓት ካላችሁ ስድስት ወሩን አታሳልፉ። በየቀኑ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ እጅ ጻፉ፤ ከተቻለ አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ይፈርምበት። በዚህ ጉዳይ ያጣነው ይሄን ነው።

ጡረታችሁንም አጣሩ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ በስማችሁ ስንት እየገባ እንደሆነ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እሷ ስታጣራ ከ2014 እስከ 2017 ኅዳር ድረስ ያለው በሙሉ በ2,500 ብር ልክ ነው የገባው። ያ እስካሁን አልተስተካከለም፣ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጥያቄ አቅርባ መልስ እየጠበቀች ነው።